በእድሳት ላይ ያለ ቤት የጎብኚ ፍሰት ትንተና፦ የወሰን ሰፈር ተሞክሮ

የቤት እድሳት ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት፣ ብዙ ሐሜት የሚወራበት፣ በቂ ጥናት ግን ያልተካሄደበት ዘርፍ ነው። ስለ ላሊበላ ፍልፍሎችና ስለ ጎንደር ግንቦች የተጻፈው መደርደሪያ ይሞላል። ሰው እየኖረበት ስለሚፈርስ ሳሎን ግን ምሁራን ዝም ብለዋል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፦ ጉዳዩን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው መጻፊያ ጠረጴዛው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በላስቲኩ ላይ ጂፕሰም በከረጢት ተቆልሎበታል።

ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በመጠኑ ለመሙላት የታሰበ ነው። የጥናቱ ሥፍራ በየካ ክፍለ ከተማ ወሰን ነው፤ የእንጦጦና የየካ ተራሮች ባህር ዛፋቸውን ለብሰው በስተሰሜን የሚታዩበት ሰፈር። የጥናቱ ቤት የአንድ ሰው ቤት አይደለም፤ ከብዙ ቤቶች ተውጣጥቶ የተቀመመ ነው። የሰፈሩ ሰው ቢያነበው የጎረቤቴ ቤት ነው ብሎ ይጠረጥራል። የራሴ ነው የሚል አይገኝም፤ የራሱማ ሊያልቅ ነው።

ቤተሰቡ አራት ነው፦ ጡረታ የወጡ አባወራ፣ እማወራ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድ ልጅና ሜሪላንድ የምትኖር ታላቅ እህቱ። ገንዘቡን የምትልከው እህትየዋ ናት። መተዳደሪያዋም ድረ ገጽን ማን ጎበኘው፣ ከየት መጣ፣ ምን ነካ፣ ለምን ወጣ እያሉ መቁጠር ነው። ዘመናዊው የድረ ገጽ ትንተና ወደ ወሰን የገባው በዚህ በር ነው። ብር የሚልክ ሰው ሪፖርት ይፈልጋል፤ ሪፖርት ማንበብ ሥራዋ የሆነ ሰው ደግሞ የምታውቀውን ዓይነት ትጠይቃለች። ለወንድሟ በኢንተርኔት የጋራ ሰንጠረዥ ከፈተችለትና በየቀኑ ግቢ የገባውን ሰው ሁሉ እንዲመዘግብ አዘዘችው። ልጁ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስረሳው ሥራ ሁሉ ደስ ይለዋልና በትጋት ጀመረ።

ወደ ልኬቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ጊዜ ሰሌዳው እንናገር፤ እድሳት ለምን እንደሚዘገይ የሚያስረዳው ጽንሰ ሐሳብ የቆየ ነው። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. «የዕቅድ ስህተት» የሚባለውን ዝንባሌ ለይተው ጻፉ፦ ሰው ተመሳሳይ ሥራ ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ እንደፈጀ ቢያውቅም እንኳ የራሱን ሲገምት ያሳጥረዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. ሮጀር ቢውለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቁ። አማካይ ግምቱ 33.9 ቀን ነበር። ሁሉ ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ 48.6 አሉ። የፈጀው 55.5 ቀን ነው። እነዚህ ተማሪዎች ስሚንቶ እንደማያስፈልጋቸው ልብ ይሏል።

ኮንትራክተሩ በጥቅምት ሲጀምር ለገና አስረክባለሁ አለ። በሀገራችን የግንባታ ጊዜ የሚለካው በበዓል ነው። የገናው ቃል ወደ ጥምቀት፣ የጥምቀቱ ወደ ፋሲካ ተላለፈ። ፋሲካ ቀኑ በየዓመቱ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ በኮንትራክተሮች ዘንድ ልዩ ክብር አለው። ለቡሄ ቤት አስረክባለሁ ያለ ኮንትራክተር ግን እስካሁን አልተመዘገበም፤ ስለዚህ ሥራው ክረምቱን ያለ ቃል ተሻገረ።

በጀቱም ያው ነው። ካነማን በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጠቀሰው የ2002 እ.ኤ.አ. ጥናት እንደሚለው፣ ኩሽናቸውን ያሳደሱ አሜሪካውያን በአማካይ 18,658 ዶላር ይበቃል ብለው ጀምረው 38,769 ዶላር ከፍለዋል። እነሱ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን አላዩም። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። እማወራዋ ከውጭ የመጣውን ሲንክ ያዩት በአንድ ዋጋ ነው፤ ከባለቤታቸው ጋር ተማክረው የተመለሱት ወደ ሌላ ዋጋ ነው።

ለንጽጽር አፍሪካ አዳራሽን ማንሳት ይገባል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዳራሽ እድሳቱ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ጸድቆ፣ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት፣ በ2024 ተጠናቆ ተከፈተ። አባወራው የታሪክ ሰው ናቸውና ይህን ለኮንትራክተሩ በምሳሌነት ነገሩት፤ ሊያሳፍሩት ነበር። ሰውዬው ግን ምሳሌውን ወደደው። «አዩ ጋሼ፣ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው እንኳ» ብሎ ሌላ ቀብድ ጠየቀ። ያልተነሳው ልዩነት በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ በእድሳቱ ወቅት ሽሮ የሚያንተከትክ ቤተሰብ አለመኖሩ ነው።

ወሰን ላይ ግን አለ። ምድጃው መኝታ ቤት፣ አልጋው ሳሎን፣ ሶፋው በረንዳ ገብቷል። ቤተሰቡ በራሱ ግቢ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ይሰደዳል፤ ሠራተኞቹ ወዴት እንደሚዞሩ ቀድሞ ስለማይነገረው ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ወደሚፈርሰው ክፍል ነው። በርበሬው ውስጥ ጂፕሰም አለ። ለፊት ግድግዳው የቆመው መወጣጫ እንጨት ያው የተራራው ባህር ዛፍ ነው፤ ዛፉ በምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ለማቃለል መጥቶ በዚሁ የቀረ እንግዳ መሆኑን ላስታወሰ፣ መወጣጫውም ለሁለት ሳምንት ተብሎ መቆሙ አይደንቀውም። እማወራዋ አሁን ልብስ ያሰጡበታል። ኮንትራክተሩ ሊያነሳው ቢመጣ የሚቃወሙት እሳቸው ናቸው።

ወደ ልኬቱ እንመለስ። በ1990ዎቹ የድረ ገጽ ጉብኝት የሚለካው በ«ሂት» ነበር። ሰርቨሩ የተጠየቀውን ፋይል ሁሉ አንድ እያለ ይጽፋል፤ ሃያ ምስል ያለበትን ገጽ አንድ ሰው አንዴ ቢከፍት ሃያ አንድ ሂት ይሆናል። የወሰኑ ልጅም የመጀመሪያውን ሳምንት የመዘገበው በዚህ ስልት ነው። አሸዋ ከበር ወደ ጓሮ በባሬላ የሚያመላልሱ ሁለት የቀን ሠራተኞች በየዙሩ ተቆጠሩ። ሜሪላንድ የደረሰው ሪፖርት ቤቱን ከመርካቶ የማያንስ ግርግር ያለበት አስመሰለው። እህትየዋ ገንዘብ ጨመረች።

ሰውን ከእርምጃው መለየት የተቻለው ቆይቶ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ባለሙያ ኩኪን ፈለሰፈ፤ ድረ ገጹ በጎብኚው ኮምፒዩተር ላይ ትንሽ ማስታወሻ ትቶ፣ ሰውዬው ሲመለስ የሚያውቅበት ዘዴ ነው። ጉግል ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ኧርቺን የተባለውን የሳንዲዬጎ ኩባንያ ገዝቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጉግል አናሊቲክስን በነጻ ለቀቀ። ተመዝጋቢው ከመብዛቱ የተነሳ ምዝገባውን ለጊዜው ዘጋ። ነጻ የተባለ ነገር ሰልፉ በየሀገሩ አንድ ነው።

በወሰን ኩኪው እርሳስ ነው። አናጺው የቁም ሳጥኑን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ግድግዳ አይጠፋም በሚል ጤናማ አስተሳሰብ። በማግስቱ ቀለም ቀቢው መጥቶ ግድግዳውን ይቀባዋል። አፕል በ2019 በሳፋሪ ላይ በጃቫስክሪፕት የሚጻፉ ኩኪዎችን ዕድሜ በሰባት ቀን ሲገድብ ተንታኞች አገር ይያዝልን ብለው ነበር፤ አናጺው ሰባት ቀን ቢሰጠው ኖሮ የመኝታ ቤቱ በር ዛሬ እስከ መጨረሻው ይከፈት ነበር። ኩኪው የጠፋበት ሰው በመዝገብ እንደ አዲስ ጎብኚ ይቆጠራል። አናጺውም ሜትሩን ይዞ እንደ አዲስ ለካ፣ በልኬቱም ልዩነት አገኘ፣ ለልዩነቱም ተጨማሪ እንጨት ጠየቀ።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ ቤተሰቡን ያከራከረው «ሴሽን» ነው። በጉግል አናሊቲክስ ልማድ ጎብኚው ለ30 ደቂቃ ምንም ካልነካ ጉብኝቱ እንዳበቃ ይታሰባል፤ ሲመለስ ሌላ ጉብኝት ነው። የግንበኛ ምሳ ከ30 ደቂቃ ስለሚያልፍ ጠዋት የገባው ግንበኛና ከሰዓት በኋላ የገባው ግንበኛ ሁለት ጉብኝት ሆነው ተጻፉ። አባወራው ሰንጠረዡን አይተው «አንድ ሰው ነው፤ እሱም ግማሽ ቀን» ብለው አረሙ። እርማቱ በቀመሩ ምክንያት አልተመዘገበም።

«ባውንስ» የሚባለውም አለ፤ አንድ ገጽ ብቻ አይቶ የሚወጣ ጎብኚ። ለዋጋ ግምት የሚመጣ ባለሙያ የዚህ ወገን ነው። ይገባል፣ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ይቆረቁራል፣ ወደ ላይ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ማታ እደውላለሁ ብሎ ይወጣል። አሮጌው ጉግል አናሊቲክስ የቆይታን ጊዜ የሚያሰላው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲታለፍ ባለው ልዩነት ስለነበር፣ አንድ ገጽ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ውሎ የወጣ ሰው ቆይታው ዜሮ ሰከንድ ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ሕግ መሠረት ቀኑን ሙሉ ከመታጠቢያ ቤቱ ሳይወጣ የዋለው ቧንቧ ሠራተኛ ዜሮ ሆነ። ልጁ መሣሪያው እንከን አለበት ሲል እማወራዋ ተከራከሩት። የውሎውን ውጤት በዓይናቸው አይተውታል፤ እሳቸውም ያገኙት ዜሮ ነው።

አዲሱ ትውልድ፣ ጉግል አናሊቲክስ 4፣ ለዚህ መፍትሔ አበጀ። ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየ፣ ወይም ሁለት ገጽ ያየ፣ ወይም አንድ ቁልፍ ነገር የፈጸመ ጎብኚ «ተሳታፊ» ይባላል። ኤሌክትሪሺያኑ ኮርኒሱን ከ10 ሰከንድ በላይ ትኩር ብሎ አይቷል። ተሳታፊ ነው። ቀለም ቀቢው ሁለት ክፍል ገብቶ ሻይ የሚፈላበትን ጠይቋል። እሱም ተሳታፊ ነው። የተሳትፎው መጠን በአንድ ሌሊት ሰማይ ነካ፤ ማንም ግን ብሩሽ አላነሳም።

ማይክሮሶፍት በ2020 ክላሪቲ የተባለ ነጻ መሣሪያ ሲያወጣ ሁለት የሚመዘገቡ ነገሮችን ወደ ብዙ ሰው ጠረጴዛ አመጣ። አንደኛው የሞተ ክሊክ ነው፤ ጎብኚው ይጫናል፣ ምንም አይሆንም። በጥናቱ ቤት ኮሪደር ላይ ያማረ ማብሪያና ማጥፊያ አለ። ገመዱ እንዳልተገናኘ የታወቀው ኮርኒሱ ከታሸገ በኋላ ነው። እንግዳ ሁሉ ይጫነዋል፣ ከዚያ መብራት ሄደ እንዴ ይላል። ሁለተኛው የንዴት ክሊክ ነው፤ አንዱን ቦታ ደጋግሞ በችኮላ መጫን። ይህ የሚታየው በእማወራዋ ስልክ ላይ፣ በኮንትራክተሩ ስም አንጻር ነው።

የጉብኝቱ ውጤት የማን ነው የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። ደንበኛ ማስታወቂያ አይቶ፣ በሌላ ቀን በጉግል ፈልጎ፣ በሦስተኛው ቀን ወዳጁ በላከለት ሊንክ ገብቶ ቢገዛ ምስጋናው ለማን ይጻፍ? ብዙ ቀመር ነበር፤ ለመጀመሪያው መስጠት፣ ለሁሉም እኩል ማካፈል፣ ለቅርቡ ማዳላት። ጉግል በ2023 እነዚህን አስወግዶ፣ ለመጨረሻው ክሊክ የሚሰጠውንና ከመረጃው ተነስቶ የሚያከፋፍለውን አስቀረ። በወሰን የሚከፋፈለው ግን ምስጋና አይደለም፣ የፈሰሰ ውኃ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሲረጥብ ቧንቧ ሠራተኛው ሴራሚክ ሠሪውን፣ ሴራሚክ ሠሪው ልስን የለሰነውን፣ የለሰነው ደግሞ ቤቱን ድሮ የገነባውን፣ አሁን በሕይወት የሌለ ግንበኛ ከሰሰ። ይህ በሙያው የመጀመሪያ ክሊክ ይባላል። እማወራዋ በመጨረሻው ክሊክ ያምናሉ፤ መጨረሻ ላይ መዶሻ ይዞ የታየ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የመጣ እያንዳንዱ ባለሙያ ሥራውን የጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «እትዬ፣ ይሄን ማን ነው የሠራልዎት?» ጥያቄው መልስ አይፈልግም፤ የዋጋ መክፈቻ ነው።

ከጎብኚው መካከል ገዢ ያልሆነ፣ ዝም ብሎ የሚዞርም ብዙ ነው። ድረ ገጽን የሚያስሱ ሮቦቶች ከበዙ በኋላ ማርቲን ኮስተር በ1994 እ.ኤ.አ. ለሮቦቶች የሚጻፍ ማስታወቂያ አቀረበ፤ እዚህ አትግቡ ይላል፣ የሚያስገድድ ኃይል ግን የለውም። የጥናቱ ቤት በር ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። ውሻው ከሞተ ቆይቷል። አሮጌውን ሲንክ ለማየት የሚመላለሰው ቁራሌው፣ መወጣጫውን አይቶ ቤቱ ይሸጣል ወይ የሚለው ደላላ፣ ስንት ፈጀ ብለው የሚጠይቁ ጎረቤቶች ጽሑፉን አንብበው ገብተዋል። የእድሳት ፈቃድ ሊያዩ የመጡትን ደንብ አስከባሪዎች ልጁ በጥንቃቄ ለብቻ መዘገባቸው። እነሱ እንደ ጉግል ሮቦት ናቸው፤ ቢከለከሉ የሚጎዳው ባለቤቱ ነው።

የመረጃው ጥራት በሀገርኛ ምክንያቶችም ተፈትኗል። አባወራው የመዝገቡን ተራ በያዙባቸው ቀናት ሴራሚክ ሠሪው «3 ሰዓት ገባ» ብለው ጻፉ፤ ሰንጠረዡ ይህን ሌሊት አድርጎ ወሰደው። በሜሪላንድ የሚታየው ግራፍ የወሰን ሠራተኞች ከእኩለ ሌሊት በኋላ በብርቱ እንደሚተጉ፣ ከቀትር በፊትም ሥራ እንደሚያቆሙ መሰከረ። እህትየዋ ለሌሊት ሥራ ጉርሻ ይሰጣቸው ብላ ነበር። በጳጉሜን የተከፈለውን ቀብድ ደግሞ ሰንጠረዡ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ መለሰው። ኮንትራክተሩም ከሰንጠረዡ ጋር ተስማማ።

የቦታ መረጃም አይታመንም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ለወራት በቆዩ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ቪፒኤን ዞሯል፤ ቪፒኤኑን እንዳበራ የሀገር ውስጥ ድረ ገጽ የከፈተ አንባቢ ከሰፈሩ ሳይነሳ በመዝገብ የሆላንድ ወይም የአሜሪካ ነዋሪ ይሆናል። ኮንትራክተሩ ይህን ያለ ምንም ሶፍትዌር ይሠራዋል። ላምበረት ደርሻለሁ ሲል ከጀርባው የመርካቶ ተሸካሚ «ዞር በሉ» እያለ ይሰማል።

እስካሁን የተባለው ትንተናውን ለኪ፣ ቤቱን ተለኪ ያደርጋል። ሆኖም እህትየዋ በአንድ የስልክ ጥሪ ስለ ራሷ ሥራ ስታማርር ጥናቱ መልኩን ቀየረ። ለካ ለኪውም ሰው እየኖረበት የሚፈርስ ቤት ነው። ጉግል አዲሱን ትውልድ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. አቀረበ። አሮጌው ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. መቁጠር እንዲያቆም ተደረገ፤ ልክ ከዓመት በኋላ፣ ሰኔ 24 ቀን 2016፣ የተከማቸው መረጃ ይሰረዝ ጀመር። በሰኔ ጣሪያ የሚያወርድ ኮንትራክተር ወሰን ላይ ብቻ ያለ የመሰላቸው እማወራ ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን አጽናኗት። ባውንስ ሬት ከአዲሱ ቤት ውስጥ ጠፍቶ ቆይቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን ትርጉሙ ተለውጦ ነው፣ ተሳታፊ ያልሆነው ሁሉ ማለት ሆኗል። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ኮንቨርዥን» ይባል የነበረው «ቁልፍ ክስተት» ተባለ። ተንታኞች በዚህ ሁሉ መካከል፣ በየሳምንቱ ዕቃቸውን ከአንዱ ማውጫ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ፣ ለአለቆቻቸው ሪፖርት አቅርበዋል።

አጥኚው እዚህ ላይ አንድ ግምት ለመሰንዘር ይደፍራል። በሁለቱም ዘርፍ የታየው ትልቁ ዕድገት ሥራ በመጨረስ ላይ አይደለም፤ ማለቅ ምን እንደሆነ እንደገና በመበየን ላይ ነው። ኮንትራክተሩ ከሁሉም ቀድሞ የገባው ይህ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ሥራው 90 ፐርሰንት ደርሷል ይላል፤ ቁጥሩን ያመጣው ቀሪውን 10 ፐርሰንት ከሥራው ዝርዝር እያወጣ ነው። የጓሮው አጥር ወጣ። የበረንዳው ግራናይት በቀጣይ ምዕራፍ ይታያል ተባለ። የኮሪደሩ ማብሪያ ለጌጥ ተያዘ።

ቤተሰቡም ይህን ስልት ተቀበለ። በቪዲዮ ጥሪ ስብሰባ ተደርጎ፣ እድሳቱ ተጠናቋል የሚባልበት ቁልፍ ክስተት ይመረጥ ተባለ። አባወራው ሁሉም በሮች መዘጋታቸውን ሐሳብ አቀረቡ፤ ውድቅ ሆነ። ልጁ ውኃ ወደ ላይኛው ታንከር መውጣቱን አነሳ፤ እሱ የሚወሰነው በፈረቃው ቀን ነው ተብሎ ቀረ። በመጨረሻ «ጣሪያው አያፈስም» የሚለው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስብሰባው የተካሄደው በጥር ነው። ሰንጠረዡ በዚያው ሰዓት አረንጓዴ ሆኖ 100 ፐርሰንት አሳየ።

ኮንትራክተሩ የቀረውን ሒሳብ ሊቀበል መጣ፤ በሰዓቱ ነው የደረሰው፣ በጥናቱ ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቡናውን እየጠጣ ወደ ጓሮ ተመለከተና ቤቱ እንዲህ አምሮ ሰርቪስ ቤቱ እንዲህ መቅረቱ ለእሱም እንደሚያሳፍረው ተናገረ። ለፋሲካ ይደርሳል አለ። ሜሪላንድ ያለችው እህት ለሰርቪስ ቤቱ ራሱን የቻለ አዲስ መዝገብ ከፈተችለት፤ በአዲሱ ሥርዓት የአሮጌው መዝገብ መረጃ ወደ አዲሱ አይሻገርም፣ ቆጠራውም የሚጀምረው ከዜሮ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ልጁ ቀኑን፣ የጎብኚውን ሙያ፣ ከዚያም የወሰደውን ቀብድ ጻፈ፤ «አዲስ ወይስ ተመላሽ» በሚለው ሳጥን ላይ መሣሪያው ራሱ «አዲስ» ብሎ ሞላው።